በትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል የኔትወርክ ግንኙነትን በስክሪፕት ስለማስተካከል

መግቢያ

የኮምፒዩተር ትምህርት በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች ዘወትር የሚሰማው ቅሬታ መሣሪያው ተበላሸ የሚል ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ መሣሪያው አልገናኝም አለ የሚለው ይበዛል። ኮምፒዩተሩ ይበራል፤ ፕሮግራሞቹ ይከፈታሉ፤ ኬብሉም በቦታው ተሰክቷል፤ ይሁን እንጂ ማሽኑ ከመምህሩ ሰርቨርም ሆነ ከኢንተርኔት ጋር አይነጋገርም። መምህሩ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ቁጥር ሲያርም የክፍለ ጊዜው እኩሌታ ያልፋል።

ይህ ችግር ቀድሞ የአንድ ክፍለ ጊዜ ችግር ተደርጎ ሊታይ ይችል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒዩተር አማካይነት በኦንላይን ከተሰጠ ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በፈተና ዕለት ጧት 40 ተማሪዎች በ40 ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ሳለ ሦስቱ ማሽኖች ባይገናኙ፣ ምክንያቱ አንድ በስሕተት የተጻፈ አኃዝ ቢሆንም እንኳ፣ የሚጎዱት ሦስቱ ተማሪዎች ናቸው። የኮምፒዩተር ክፍሉ ኀላፊ ያንን አኃዝ ፈልጎ ለማግኘት የሚኖረው ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ስለሆነም ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ በእጅ የሚሠራውን የግንኙነት ቅንብር ስክሪፕት በተባለው የትእዛዝ ጽሑፍ እንዴት መተካት እንደሚቻል፣ ይህ አሠራር በምን ሁኔታ እንደሚጠቅምና በምን ሁኔታ ደግሞ ጨርሶ እንደማያስፈልግ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ያስረዳል።

በእጅ የሚሠራው ሥራና ስሕተቱ

አንድ ኮምፒዩተር በግንኙነት መረብ ውስጥ እንዲሠራ አራት ቁጥሮች ሊሰጡት ይገባል። የመጀመሪያው የራሱ የአይ.ፒ. አድራሻ ነው። ይህ አድራሻ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ደንብ መሠረት 32 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥር ሲሆን፣ ለሰው ዓይን እንዲመች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 በሚደርሱ አራት ቁጥሮች በነጥብ ተለያይቶ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 192.168.10.21። ሁለተኛው ሰብኔት ማስክ የሚባለው ነው፤ ከአድራሻው ውስጥ የመረቡ ክፍል የትኛው፣ የማሽኑ ክፍል የትኛው እንደሆነ ይለያል። የቀበሌ ቁጥርና የቤት ቁጥር ተያይዘው በአንድነት ቢጻፉ ቀበሌው የት ላይ አብቅቶ ቤቱ የት ላይ እንደሚጀምር የሚያመለክት ምልክት ያስፈልጋል፤ የማስኩ ተግባር ይኸው ነው። ሦስተኛው ጌትዌይ፣ ማለትም ከመረቡ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር አድራሻ ነው። አራተኛው ደግሞ ዲ.ኤን.ኤስ. የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተነደፈውንና በስም የተጠየቀውን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን አገልግሎት የሚሰጠው ሰርቨር አድራሻ ነው። 128 ቢት ርዝመት ያለው አዲሱ የአድራሻ ዓይነትም በሥራ ላይ ይገኛል፤ ሆኖም በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚደረገው ግንኙነት የቀድሞው በቂ ስለሆነ እዚህ የሚነገረው ሁሉ ስለ እርሱ ነው።

አሁን ድካሙን በቁጥር መመልከት ይቻላል። ማሽኖቹ ከ192.168.10.21 እስከ 192.168.10.60 ያለውን አድራሻ፣ 255.255.255.0 የሆነውን ማስክ፣ ለጌትዌይም ለዲ.ኤን.ኤስ.ም 192.168.10.1ን የሚጠቀሙ ቢሆኑ፣ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ 38 አኃዞች ይጻፋሉ። ለ40 ማሽኖች 1,520 አኃዞች ይሆናሉ ማለት ነው። ለአንድ ማሽን አምስት ደቂቃ ቢበቃ እንኳ ጠቅላላው 200 ደቂቃ ነው፤ ይህም 45 ደቂቃ ከሚፈጅ ክፍለ ጊዜ አራቱን ጨርሶ ከአምስተኛው ይቆርሳል። በዚህ ሁሉ አኃዝ መካከል አንድም ስሕተት እንዳይኖር መጠበቅ ከሰው አቅም በላይ መጠየቅ ነው።

ድካሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የትዕግሥት ጉዳይ በሆነ ነበር። ከባዱ ነገር ስሕተቶቹ አንዱ ከሌላው በተለየ መልክ መታየታቸው ነው። ሁለት ማሽኖች አንድ አድራሻ ቢሰጣቸው ዊንዶውስ የአድራሻ ግጭት መኖሩን ያስታውቃል፤ ስለዚህ ይህ ስሕተት ራሱን ያጋልጣል። የጌትዌዩ ቁጥር ቢሳሳት፣ ይኸውም 192.168.10.1 በማለት ፋንታ 192.168.10.11 ቢጻፍ፣ ማሽኑ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጋር ይነጋገራል፤ የመምህሩ ሰርቨርም ይከፈትለታል፤ ወደ ውጭ ግን አይወጣም። ዲ.ኤን.ኤስ. ሲሳሳት ደግሞ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ስም የሚተረጉም ስለሌለ አንድም ገጽ አይከፈትም፤ ተማሪውም ኢንተርኔት ጠፋ ይላል። ኢንተርኔቱ ግን አልጠፋም።

ከሁሉ የከፋው የማስክ ስሕተት ነው። ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ተደብቆ መኖር ይችላል። 255.255.255.0 በማለት ፋንታ 255.255.0.0 የተጻፈበት ማሽን በትንሽ ክፍል ውስጥ ምንም ጉድለት አያሳይም፤ ወደ ኢንተርኔትም ይወጣል። ከአንድ ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱ ለቤተ መጻሕፍቱ አድራሻው በ192.168.20 የሚጀምር ሌላ መረብ ሲዘረጋ ግን ያ ማሽን ብቻውን ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር መገናኘት ያቅተዋል፤ ምክንያቱም ቤተ መጻሕፍቱን በራሱ ቀበሌ ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ጥያቄውን ወደ በሩ አይልክም። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ በአዲሱ መረብ ወይም በኬብሉ ላይ ይላከካል። ከዓመት በፊት በአንድ ማሽን ላይ የተጻፈን አኃዝ የሚጠረጥር ሰው አይገኝም፤ ጻፊውም ምናልባት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሯል።

ስክሪፕት ስለሚባለው ነገር

ስክሪፕት ማለት ለኮምፒዩተሩ አንድ በአንድ በእጅ የሚሰጡት ትእዛዞች በቅደም ተከተል የተጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉ ሲጠራ ማሽኑ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ትእዛዞቹን ይፈጽማል። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ውስጥ የነበረው የቦርን ሼል ለዚሁ ሥራ ያገለግል ነበር። በዊንዶውስ በኩል የግንኙነት ቅንብርን በጽሑፍ ትእዛዝ ለመለወጥ የሚያስችለው ኔትሽ የተባለው መሣሪያ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ሲገኝ፣ ከእርሱ የሰፋ ችሎታ ያለው ፓወርሼል እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። በሊኑክስ ላይ ደግሞ ኔትወርክ ማኔጀር የተባለው ፕሮግራም ኤን.ኤም.ሲ.ኤል.አይ. ከሚባለው የትእዛዝ መሣሪያው ጋር ይህንኑ ተግባር ያከናውናል። የትእዛዞቹ ስሞች በሙሉ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆኑ ቁጥራቸው አነስተኛ በመሆኑ ለመልመድ አያስቸግሩም።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ አድራሻ የሚያድል ሰርቨር

ብዙ ጀማሪዎች ስክሪፕትን ሲያውቁ ሁሉንም ነገር በእርሱ ለመሥራት ይቸኩላሉ። ይህ አይመከርም። አድራሻን በራሱ የማደል ተግባር ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. በሚባለው ደንብ ከተወሰነ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ፣ ማሽኑ ሲበራ አድራሻ የሚሰጠኝ አለን ብሎ ይጠይቃል፤ በመረቡ ውስጥ ያለው አዳይም አራቱንም ቁጥሮች በአንድ ጊዜ፣ ለተወሰነ ጊዜ በውሰት ይሰጠዋል። በየሱቁ የሚሸጡት ራውተሮች ይህን አገልግሎት አብረው ይዘው ይመጣሉ። ራውተር ባለበትና ማሽኖቹ ሁልጊዜ በአንድ መረብ ላይ በሚቆዩበት ክፍል ትክክለኛው መፍትሔ ይኸው ነው፤ ስክሪፕት አያስፈልግም። አንድ ማሽን ወይም የማተሚያ መሣሪያ ሁልጊዜ ያው አድራሻ ቢፈለግለት እንኳ በራውተሩ ላይ ከኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር ጋር አድራሻውን ማስያዝ ይቻላል።

አዳዩ የራሱ ሕመም የለውም ማለት ግን አይደለም። አዳዩ ሲጠፋ ዊንዶውስ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፤ ይህን ቁጥር ያየ መምህር ወዲያውኑ የጎደለው አዳዩ መሆኑን ሊረዳ ይገባል። ሌላው ሕመም ሁለት አዳዮች በአንድ መረብ ላይ ሲገኙ የሚከሠተው ነው። አንድ ሰው ለሽቦ አልባ ግንኙነት ይሆነኛል ብሎ ከቤቱ ያመጣውን ትንሽ ራውተር በክፍሉ ስዊች ላይ ይሰካል፤ ያም ራውተር ማንም ሳያዘው አድራሻ ማደል ይጀምራል። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ከማሽኖቹ ከፊሉ ከትክክለኛው፣ ከፊሉ ከባዕዱ አዳይ አድራሻ እየተቀበሉ ክፍሉ ይከፈላል። ይህን ስክሪፕት አያድነውም፤ የሚያድነው የተሰካውን መንቀል ነው።

ሁለት መረብ ባለበት ክፍል

ስክሪፕት እውነተኛ ጥቅሙን የሚያሳየው አንድ ክፍል በተለያየ ጊዜ ከተለያየ መረብ ጋር በሚሠራበት ቦታ ነው። በትምህርት ቤቶች ውስጥ ይህ ሁኔታ የሚያጋጥመው ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ የመማሪያ ሰርቨር ሲኖር ነው። ኪዊክስ እንደተባለው ባለ ፕሮግራም መዛግብተ ዕውቀትንና መጻሕፍትን በአንድ ማሽን ላይ አስቀምጦ፣ ተማሪዎች አንድ ሳንቲም የኢንተርኔት ወጪ ሳይኖር በክፍሉ መረብ ብቻ እንዲያነቡት ማድረግ ይቻላል። በተወሰኑ ክፍለ ጊዜያት ደግሞ ማሽኖቹ በራውተሩ በኩል ወደ ውጭ ይወጣሉ።

እንዲህ ባለ ክፍል ሁለት የተወሰኑ ሁኔታዎች መኖር አለባቸው። በመጀመሪያው፣ የክፍል ሁኔታ ብለን ልንሰይመው በምንችለው፣ እያንዳንዱ ማሽን ቋሚ አድራሻ ይኖረዋል፤ ዲ.ኤን.ኤስ. የመማሪያ ሰርቨሩን ያመለክታል፤ ጌትዌይ ግን አይሰጠውም። ጌትዌይን መተው ስንፍና ሳይሆን ታስቦበት የሚደረግ ነገር ነው። መውጫ በር የማያውቅ ማሽን ወደ ውጭ ሊወጣ ስለማይችል፣ ማንም ሳያውቀው የሚወርደው የዊንዶውስ ማሻሻያ ትምህርት ቤቱ በገንዘብ የገዛውን የዳታ ጥቅል አይጨርሰውም። በሁለተኛው፣ በኢንተርኔት ሁኔታ፣ ማሽኑ ሁሉን ነገር ከአዳዩ ይቀበላል።

ለእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ሁለት ስክሪፕቶች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው በኔትሽ ቢጻፍ ሁለት ዋና መስመሮች ብቻ ይኖሩታል። አንደኛው መስመር የኔትወርክ ካርዱን በስሙ ጠርቶ ቋሚ አድራሻውንና ማስኩን ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ለዚያው ካርድ የዲ.ኤን.ኤስ. ሰርቨሩን ቁጥር ይሰጠዋል። ወደ ኢንተርኔት ሁኔታ የሚመልሰው ስክሪፕትም ሁለት መስመር ያስፈልገዋል፤ አንዱ አድራሻው ከአዳዩ እንዲመጣ፣ ሌላው ዲ.ኤን.ኤስ. ከአዳዩ እንዲመጣ ያዝዛል። እዚህ ላይ የብዙዎችን ጊዜ የሚበላ ወጥመድ አለ። አድራሻውን ወደ አዳዩ የሚመልሰው መስመር ዲ.ኤን.ኤስ.ን አብሮ አይመልሰውም። ሁለተኛው መስመር ቢረሳ ማሽኑ ከራውተሩ ትክክለኛ አድራሻና ጌትዌይ ይዞ ሳለ ስም ለማስተርጐም ግን በሌላ መረብ ላይ ያለውን የመማሪያ ሰርቨር መጠየቁን ይቀጥላል። ውጤቱ ቀደም ሲል የተገለጸው፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ገጽ የማይከፈትበት ሁኔታ ነው።

በዚህም ምክንያት መጀመሪያ መጻፍና መፈተን ያለበት ቋሚ አድራሻ የሚሰጠው ስክሪፕት ሳይሆን ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት የሚመልሰው ነው። መመለሻው ያልተረጋገጠ ለውጥ በ40 ማሽኖች ላይ ማካሄድ ማለት ስሕተት ቢገኝ 40 ማሽኖችን በእጅ ለማረም መፈረም ማለት ነው።

በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ሥራው ይቀላቸዋል። ኔትወርክ ማኔጀር ለአንድ ካርድ ብዙ የግንኙነት መግለጫዎችን በየስማቸው አስቀምጦ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ ሁኔታዎች አንድ ጊዜ ተመዝግበው ከተቀመጡ በኋላ የስክሪፕቱ ሥራ በአንድ መስመር የአንደኛውን ስም መጥራት ብቻ ይሆናል። የቀድሞው መግለጫ በሙሉ ተነሥቶ አዲሱ በሙሉ ስለሚተካ፣ ከላይ እንደተነገረው ያለ ግማሽ ለውጥ አያጋጥምም።

ሠንጠረዡ

አንድ ስክሪፕት ለ40 ማሽኖች እንዲያገለግል ከተፈለገ አድራሻው በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ የለበትም። እንዲያ ቢሆን 40 ስክሪፕቶች ይኖራሉ፤ ድካሙም ከእጅ ሥራው ብዙም አያንስም። ትክክለኛው መንገድ የማሽኖቹን ስምና አድራሻ በሠንጠረዥ ፋይል ማስፈርና ስክሪፕቱ የሚሠራበትን ማሽን ስም ጠይቆ የራሱን ረድፍ ከሠንጠረዡ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ላብ-01 የተባለው ማሽን 21ን፣ ላብ-02 የተባለው 22ን እያለ ይቀጥላል። ስሙም በማሽኑ አካል ላይ በግልጽ ሊለጠፍ ይገባል፤ በወረቀት የሌለ ስም በችግር ጊዜ አያገለግልም።

ስሙን በሠንጠረዡ ውስጥ ባያገኝ ስክሪፕቱ ምንም ሳይለውጥ መቆምና ይህንኑ በማያው ላይ መጻፍ አለበት። በግምት አድራሻ የሚሰጥ ስክሪፕት ከሰው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሰው ሲጠራጠር ይቆማል፤ ስክሪፕት ግን ካልተነገረው በስተቀር አይቆምም።

የሠንጠረዡ አዘገጃጀት የኮምፒዩተር ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የንብረት አያያዝ ጉዳይ መሆኑን ማስተዋል ያሻል። በንብረት መዝገቡ ላይ የሰፈረው የማሽን ቁጥርና በሠንጠረዡ ላይ ያለው ስም የሚጣጣሙ ከሆነ፣ አንድ ማሽን ለጥገና ሲወጣ ወይም ሲተካ የሚለወጠው አንድ ረድፍ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ስክሪፕት ለመጻፍ ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ ይህን ሠንጠረዥ በትክክል ለማዘጋጀት የሚፈጀው ይበልጣል፤ ሊበልጥም ይገባዋል። በሠንጠረዡ ላይ የሚሰፍሩት ቋሚ አድራሻዎች አዳዩ ከሚያድላቸው ጋር እንዳይደራረቡ፣ ለምሳሌ ቋሚዎቹ ከ21 እስከ 60 ከሆኑ የአዳዩ ክልል ከ100 ወዲያ እንዲሆን መወሰንም የዚሁ ሥራ ክፍል ነው።

የስክሪፕት የራሱ ጉድለቶች

በእጅ የሚሠራ ሰው በአንድ ማሽን ላይ ሲሳሳት 39ኙ ይድናሉ። በስክሪፕት የሚሠራ ግን ሲሳሳት በ40ዎቹም ላይ ይሳሳታል። ስለዚህ አዲስ ስክሪፕት በመጀመሪያ በአንድ ማሽን፣ ከዚያም በአንድ ረድፍ፣ በመጨረሻም በክፍሉ ሁሉ ላይ ይሞከራል።

ተደጋግሞ የሚታየው ጉድለት የካርዱ ስም ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ የኔትወርክ ካርዱ ሎካል ኤርያ ኮኔክሽን ሲባል፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኢተርኔት ተብሏል፤ ካርዱ የተለወጠበት ማሽን ላይ ደግሞ ኢተርኔት 2 ሊሆን ይችላል። አንዱን ስም በቀጥታ የጠራ ስክሪፕት በሌላው ላይ አይሠራም። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በጥር 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 ከመደበኛ የጥገና ድጋፍ ውጭ ሆነዋል፤ ይሁን እንጂ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ማሽኖች በአንድ ክፍል በሚገኙበት ቦታ ይህ የስም ልዩነት መታሰብ አለበት። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ የካርዶቹን ስም አስቀድሞ በሁሉም ላይ አንድ ማድረግ፣ ወይም ስክሪፕቱ በስም ፋንታ ኬብል የተሰካበትንና በሥራ ላይ ያለውን ካርድ ራሱ እንዲፈልግ ማዘዝ።

ሁለተኛው ጉድለት ስክሪፕቱ ሁለት ጊዜ ሲጠራ የሚታየው ነው። በፓወርሼል አዲስ አድራሻ የሚሰጠው ትእዛዝ ያለውን አይተካም፤ በላዩ ላይ ይጨምራል። በመሆኑም ስክሪፕቱ በድጋሚ ሲጠራ ወይ አድራሻው ቀድሞ አለ ብሎ ያቆማል፤ ወይም ካርዱ ሁለት አድራሻ ይዞ ይገኛል። የቀድሞው ጌትዌይም ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ጥሩ ስክሪፕት አስቀድሞ አሮጌውን አንሥቶ ከዚያ አዲሱን ያስገባል፤ አሥር ጊዜ ቢጠራም ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደተጠራ ነው። መምህሩ ስክሪፕቱን መጥራቱን ረስቶ ደግሞ መጥራቱ የማይቀር ስለሆነ ይህ ባሕርይ እንደ ትርፍ ነገር ሊቆጠር አይገባም።

ቅንብሩን ከለወጠ በኋላ የማይፈትሽ ስክሪፕትም ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ፍተሻው ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሄዳል፤ በመጀመሪያ ማሽኑ የተሰጠውን አድራሻ በእርግጥ መያዙን፣ ቀጥሎ ጌትዌዩ ወይም የመማሪያ ሰርቨሩ ፒንግ ለተባለው ጥሪ መመለሱን፣ ቀጥሎም በውጭ ያለ አንድ ቁጥር መመለሱን፣ በመጨረሻም አንድ ስም ወደ ቁጥር መተርጐሙን ያያል። ፍተሻው የተሰናከለበት ደረጃ ስሕተቱ ከአራቱ ቁጥሮች በየትኛው ላይ እንደሆነ ይጠቁማል። ለዚህ ፍተሻ የጎረቤትን የተማሪ ማሽን መጥራት ግን አያዋጣም፤ የዊንዶውስ መከላከያ ለፒንግ መልስ እንዳይሰጥ ሊከለክል ስለሚችል ዝምታው ብልሽት ይመስላል። ለፈተና ቀን ዝግጅትም የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ ከዋዜማው ጀምሮ እያንዳንዱ ማሽን የፍተሻውን ውጤት በስሙ ጽፎ በአንድ ፋይል ቢያኖር፣ ኀላፊው 40 ጠረጴዛ ሳይዞር አንድ ገጽ አንብቦ የሚያርመውን ይለያል።

ሥልጣንና ጥበቃ

የግንኙነት ቅንብርን መለወጥ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል፤ በተማሪ ስም የተጠራ ስክሪፕት አይፈጸምም። ይህን ለማለፍ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በስክሪፕቱ ውስጥ የሚጽፉ አሉ። ስክሪፕት ግን ማንም ከፍቶ የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ የይለፍ ቃሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ልዩነት የለውም። የተሻለው መንገድ ማሽኑ ሲበራ በራሱ ሥልጣን ስክሪፕቱን እንዲጠራ በዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር ውስጥ ማስመዝገብ ነው። ይህ ሲደረግ ግን ስክሪፕቱና ሠንጠረዡ የተቀመጡበት ማኅደር ተማሪ ሊያነበው እንጂ ሊጽፍበት የማይችል መሆን አለበት። አለበለዚያ ከተማሪዎቹ አንዱ በፋይሉ መጨረሻ ላይ የፈለገውን አንድ መስመር ቢጨምር በማግሥቱ ጧት ማሽኑ በሙሉ ሥልጣን ይፈጽምለታል። ለእንዲህ ያለው ነገር ጉጉቱም ችሎታውም ያላቸው ተማሪዎች መኖራቸውን የኮምፒዩተር መምህራን ያውቃሉ።

የአድራሻ ዕቅድ ከትምህርት ቤት በላይ

እስካሁን የተነገረው በአንድ ክፍል ያለውን ይመለከታል። ዕቅድ አውጪዎች ግን ሌላ ጥያቄ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ ማንኛውም ድርጅት ያለ ፈቃድ በውስጥ መረቡ እንዲጠቀምባቸው ሦስት የአድራሻ ክልሎች ተለይተዋል፤ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እንዲሁም በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። ራውተሮች ከፋብሪካቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ክልል አድራሻ ይዘው ስለሚመጡ ትምህርት ቤቶች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ይገኛሉ። ተለያይተው ሳሉ ይህ ጉዳት የለውም። በአንድ መረብ ሊገናኙ በታሰበ ቀን ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ሁሉም ቤቶች ቁጥር 21 ሆነው እንደመገኘት ያለ ነገር ይሆናል።

በ10 የሚጀምረው ክልል 16,777,216 አድራሻዎች አሉት። ሁለተኛውን ቁጥር ለወረዳ ወይም ለዞን፣ ሦስተኛውን ለትምህርት ቤት፣ አራተኛውን ለማሽን መመደብ ቢቻል፣ 65,536 ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው እስከ 254 መሣሪያ ሊይዙ ይችላሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተጀመሩትን የስኩልኔትንና የወረዳኔትን የመሳሰሉ ሰፋፊ መረቦች ሲታቀዱ የአድራሻ አመዳደብ ከማዕከል ሊወሰን የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ምደባው በአንድ ገጽ ተጽፎ ለየትምህርት ቤቱ ቢላክ፣ በየክፍሉ ያለው ሠንጠረዥ ከዚያ ይወጣል፤ የመረብ ለውጥ ሲመጣም ሠንጠረዡን ለውጦ ስክሪፕቱን መጥራት ይበቃል። ገጹ ባልተላከበት ቦታ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ቁጥር ይመርጣል፤ በኋላ ለማስማማት የሚጠየቀው ጊዜም ከላይ የተሰላው 200 ደቂቃ በትምህርት ቤቶቹ ብዛት ተባዝቶ ነው።

ማስታወሻ በአማርኛ ስለመጻፍ

በስክሪፕት ውስጥ በመሰላል ምልክት የሚጀምር መስመር በፓወርሼልም በሊኑክስም ዘንድ ለማሽኑ ሳይሆን ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው። መምህራን በዝውውር በሚለዋወጡበት ሥራ ይህ ማስታወሻ ከትእዛዙ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ጌትዌዩ ለምን እንደተተወ፣ አድራሻው ለምን ከ21 እንደጀመረ የሚያውቀው ጻፊው ብቻ ከሆነ ተተኪው ዕቅዱን ሳያውቅ ያፈርሰዋል። ማስታወሻውን ተተኪው በሚያነበው ቋንቋ በአማርኛ መጻፍ የሚከለክል ነገር የለም። ሊኑክስ የግዕዝ ፊደልን ያለ አንዳች ዝግጅት ይቀበላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ግን ፋይሉ ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በተባለው ኮድ፣ በመነሻውም ላይ ኮዱን የሚያስታውቀው ምልክት ኖሮት ካልተቀመጠ ፊደሎቹን በሌላ ኮድ ስለሚያነባቸው ወደማይነበቡ ምልክቶች ይለውጣቸዋል። የኖትፓድ ፕሮግራም ፋይል ሲያስቀምጥ ይህን ኮድ ከነምልክቱ ለይቶ ለመምረጥ ያስችላል። የባች ፋይል በሚባለው በአሮጌው የዊንዶውስ ስክሪፕት ውስጥ ግን ማስታወሻውን በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል፤ የአማርኛውን ማብራሪያ ከሠንጠረዡ ጋር በወረቀት አትሞ ከንብረት መዝገቡ ጋር ማስቀመጥ ይቻላል።